ዟሪ ትሪ በቤት ውስጥ፤ አመራረጡና አያያዙ

በአገራችን ልማድ ቤቱን ለእንግዳ የከፈተ ሰው የሚመዘነው ባቀረበው ምግብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አቀራረቡም አብሮ ይቈጠራል። ወጡ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፥ ከገበታው ዳር የተቀመጠው ሽማግሌ እጁ ሳይደርስለት ቀርቶ በፊቱ ያለውን ብቻ ቀምሶ ቢነሣ ግብዣው ጎደሎ ነው። የቤቱ እመቤትም ከማድ ቤት ወደ ገበታ፥ ከገበታ ወደ ማድ ቤት ስትመላለስ አምሽታ፥ እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ የቀዘቀዘውን ለብቻዋ የምትበላ ከሆነ፥ ያ ቤት ሰው ጋበዘ እንጂ አብሮ በላ አይባልም። ስለዚህ ዛሬ የምንጽፍበት ዟሪ ትሪ ላይ ላዩን ሲያዩት የዕቃ ነገር ቢመስልም፥ ጠልቀው ሲመረምሩት በገበታ ላይ ማን ይቀመጣል፥ ማንስ ቆሞ ያመሻል የሚለውን ጥያቄ የሚነካ ነው።

ይህን ዕቃ ያወቅሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጽሑፍን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የመመለስ ሥራ ስላለኝ፥ የማውቃቸው ነጋዴዎች ከውጭ አገር የመጣላቸውን የዕቃ ዝርዝር ይዘው አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር አምጥቶ ጣቱን ከአንድ መስመር ላይ አሳረፈ። መስመሩ «ሌዚ ሱዛን» ይላል። ሌዚ ማለት ሰነፍ ነው፤ ሱዛን ደግሞ የሴት ስም ነው። «ሰነፊቱ ሱዛን» ብዬ ብጽፍለት ነጋዴው ምን ብሎ ይሸጠዋል? ጥቂት ካሰብሁ በኋላ «ዟሪ ትሪ» ብዬ ጻፍሁለት። እርሱም ስቆ፥ «በእኛም ቋንቋ ዟሪ የሚባለው ሥራ ፈት አይደለምን?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ይህ ዟሪ የሚዞረው ሥራ ፈትቶ ሳይሆን ሥራ ይዞ ነው።

የዕቃው የቀድሞ ታሪክም ከዚሁ ከአሳላፊነት ጋር የተያያዘ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ባለጠጎች «ዲዳ አሳላፊ» የሚሉት፥ በአንድ ምሰሶ ላይ ክብ ክብ ትሪዎች የተደረደሩበት ዕቃ ከገበታቸው አጠገብ ያቆሙ ነበር። ዲዳ ያሉትም ምሥጢራቸውን ሰምቶ የማያወራ አሳላፊ ስለ ሆነላቸው ነው። በ1891 በአሜሪካ ኤልዛቤት ሀዌል የተባሉ ሴት ራሱ የሚያስተናግድ ጠረጴዛ ብለው ለሠሩት ዟሪ ገበታ የፈጠራ መብት ተቀበሉ። በ1917 ደግሞ ቫኒቲ ፌር በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ይኸው ዟሪ ትሪ ሌዚ ሱዛን በሚለው ስም በ8 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደሚሸጥ ማስታወቂያ ወጣ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። ቤታችን ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ስለ ሆነ፥ ብዙ እንግዳ ሲመጣ እንጀራው ለየሰው በሳሕን ይቀርባል፤ ወጡም በየጎድጓዳ ሳሕኑ በመካከል ይቀመጣል። አንድ ምሽት ከእንግዶቻችን መካከል ሐጂ የምንላቸው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ባለቤቴ ለአንዱ ሽሮውን፥ ለሌላው ምስሩን ስታቀርብ፥ ለሦስተኛው ዓሣውን ስታዞር፥ ሐጂ እጃቸውን ሰብስበው ይመለከቷት ነበርና፥

«እመቤት፥ እርስዎ መቼ ይበላሉ?» ብለው ጠየቋት።

«እናንተ ከጠገባችሁ በኋላ ነው ሐጂ» አለቻቸው።

ሐጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ ግን በጋብቻችን ዘመን ሁሉ እንግዳ በመጣበት ምሽት አንድም ጊዜ ከጎኔ ተቀምጣ እንዳልበላች ያን ጊዜ ገና ልብ አልሁ። በማግሥቱ ዟሪ ትሪ ልገዛ ወጣሁ።

የገዛሁት ግን በችኰላ ነው። በመደብሩ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን መረጥሁ፤ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነበር። የቤታችን ክብ ጠረጴዛ ስፋት 120 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አልለካሁም። ትሪውን በመካከል ባስቀመጥነው ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው የተረፈው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሳሕን እንኳ በደንብ አያስቀምጥም። መሠረቱም ከላዩ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጠባብ ነበር። በመጀመሪያው ግብዣ አንድ ወጣት እንግዳ ሽሮውን ወደ ራሱ ለማምጣት ትሪውን በኀይል ቢያሽከረክረው፥ የጭልፋው እጀታ ሁለት ብርጭቆ ጥሎ ሄደ፤ የዝግኒው ሳሕንም በአንድ ወገን ከብዶ ስለ ነበር ትሪው አዘመመና ቀዩ ወጥ ከጎረቤታችን ነጭ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ያን ምሽት ባለቤቴ ከወትሮው ይልቅ ቆማ አመሸች። ስሕተቱ የዕቃው ሳይሆን የመራጩ ነበርና፥ ከዚያ በኋላ የተማርሁትን ለአንባብያን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ልክ ነው። አንድ ሰው ሳሕኑንና ብርጭቆውን አስቀምጦ ያለ ጭንቀት እንዲበላ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ትሪው ጠርዝ ድረስ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊተውለት ይገባል። ይህም በሁለቱ ወገን ሲደመር 70 ስለሚሆን፥ ደንቡን ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ከክቡ ጠረጴዛ ስፋት ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ በተረፈው ልክ ትሪ መግዛት ነው። ስፋቱ 120 ለሆነ ጠረጴዛ 50፥ 150 ለሆነ 80፥ 180 ለሆነ 110 ሳንቲ ሜትር ትሪ ይበቃል። የሰዎቹም ቍጥር እንዲሁ በልክ ይታወቃል፤ ለአንድ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ቢመደብለት፥ በ120ው ላይ 6፥ በ150ው ላይ 7፥ በ180ው ላይ 9 ሰዎች ይቀመጣሉ። ረዥምና ጠባብ ጠረጴዛ ያለው ሰው ግን ትልቅ ዟሪ ትሪ ባይገዛ ይሻለዋል፤ ከሁለቱ ጫፍ የተቀመጡት ምንም ቢዞር አይደርሱበትም። ለእርሱ የሚበጀው ጨው፥ ሚጥሚጣና አዋዜ የሚይዙ ትናንሽ ትሪዎችን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛው መሠረቱ ነው። ዟሪ ትሪ ከታች ጠረጴዛው ላይ የሚያርፍ መሠረት፥ ከላይ ምግቡን የሚሸከም ክብ ገጽ፥ በመካከላቸውም ኩሽኔታ አለው። ኩሽኔታው ትናንሽ የብረት ኳሶች በክብ ቦይ ውስጥ የተደረደሩበት ነው፤ ኳሶቹ ስለሚንከባለሉ ከባዱን ትሪ አንድ ጣት ያዞረዋል። መሠረቱ ከላዩ ስፋት ከግማሽ ባያንስ መልካም ነው፤ በሥሩም እንዳይንሸራተት ላስቲክ ሊኖረው ይገባል። ገዢው በመደብሩ ውስጥ ሳለ ይህን ይፈትን፤ የትሪውን ጠርዝ በአንድ ወገን በእጁ ጫን ይበለው። ሌላው ወገን ብድግ ካለ፥ ያ ትሪ ነገ ወጥ ይደፋል። ቀጥሎ በጣቱ በቀስታ ያዙረውና ያድምጥ። ድምፅ ሳያሰማ ዞሮ ቀስ ብሎ ከቆመ መልካም ነው፤ ከተንገጫገጨ ወይም ሲዞር ጠርዙ ከፍና ዝቅ ካለ ኩሽኔታው በትክክል አልተገጠመም። ስለሚሸከመው ክብደትም ሻጩን መጠየቅ ይገባል። እያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝኑ ስድስት ሙሉ ሳሕኖች 9 ኪሎ ይሆናሉና፥ ሁለት እጥፉን የሚችል ትሪ መምረጥ ነው።

ሦስተኛው የተሠራበት ነገር ነው። እንጨት ድምፅ አያሰማም፥ ሳሕንም አያንሸራትትም፤ ነገር ግን ቅቤና በርበሬ ቶሎ ከተጠረገ እንጂ ካደረ አይለቅም፤ ውሃ ውስጥም ከተዘፈዘፈ ይጣመማል። እብነ በረድ ያማረና የረጋ ነው፤ ዳሩ ግን ሎሚ፥ ኮምጣጤና ቲማቲም ገጹን ይበሉታል፤ ለማንሣትም ሁለት ሰው ሊያስፈልግ ይችላል። መስታወት በቀላሉ ይጸዳል፤ ሆኖም ጠርዙ ከተመታ ይሰነጠቃልና ወፍራምና በእሳት የጠነከረ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። የባሕር ዳር ሰው ከዚህ ሁሉ ይልቅ ኩሽኔታውን ይመርምር፤ እንደ ምጽዋ ባለ ከተማ ጨው ያዘለው እርጥብ አየር ተራውን ብረት ቶሎ ያዝገዋል። ላዩ ምንም ቢያምር ኩሽኔታው የማይዝግ ብረት ካልሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዟሪው ቋሚ ይሆናል። ነጋዴዎቻችንም ዕቃውን ሲያዝዙ ይህን ነገር በጽሑፍ ቢያስገቡ፥ መለወጫ ኩሽኔታም አብረው ቢያስመጡ ከደንበኛ ወቀሳ ይድናሉ። ኩሽኔታው ብቻውን ተገዝቶ፥ ላይኛውን ክብ ገጽ የአገር አናጢ ከዋንዛ ጣውላ ሊሠራው ይችላል፤ የሚያስፈልገው በደንብ የደረቀ እንጨትና ሳሕን እንዳይንሸራተት ጥቂት ከፍ ያለ ጠርዝ ብቻ ነው።

ስለ አጠቃቀሙ ከመናገራችን በፊት አንድ ሐኪም ማስታወስ ይገባናል። ዶክተር ዉ ሊየን ቴ በ1879 በፔናንግ የተወለዱ፥ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሕክምና የተማሩ ቻይናዊ ነበሩ። በ1910 መጨረሻና በ1911 መጀመሪያ በማንቹሪያ የሳንባ ቸነፈር ሕዝብ በፈጀ ጊዜ የመከላከሉን ሥራ የመሩ፥ ሐኪሞችና አስታማሚዎች አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው። ሕዝባቸው ሁሉም የየራሱን መብያ እንጨት ከአፉ እያወጣ ከአንድ ሳሕን መብላቱ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለውን በሽታ ያዛምታል ብለው ይሠጉ ነበር። ይሁን እንጂ አብሮ መብላትን ማስቀረት አልፈለጉም። ስለዚህ በ1915 በገበታው መካከል የሚዞር ትሪ እንዲኖር፥ በእያንዳንዱ ሳሕን ውስጥም የማንም ያልሆነ የራሱ ማንኪያ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጆርጅ ሆል የተባሉ ሰው ጆኒ ካን በ1953 ለከፈቱት ምግብ ቤት በኩሽኔታ የሚዞር ገበታ ሠሩ፤ ከዚያም በቻይና ምግብ ቤቶች ሁሉ እየተለመደ ሄደ።

ከሐኪሙ ሐሳብ የምንወስደው ትምህርት ዋናው መዞሩ ሳይሆን ማንኪያው መሆኑን ነው። በየሳሕኑ አንዳንድ ጭልፋ ይኑር፤ ጭልፋውም ከሳሕኑ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ አይሂድ፥ ከአንዱም ወጥ ወደ ሌላው አይግባ። እጀታው ከትሪው ጠርዝ ወጥቶ ቢንጠለጠል ብርጭቆ ይጥላልና ወደ ውስጥ ይመለስ። ከባዱ ሳሕን ከከባዱ ትይዩ፥ ቀላሉ ከቀላሉ ትይዩ ይቀመጥ፤ ረዥም ዕቃ በመካከል ይሁን። ሲዞርም በአንድ አቅጣጫ፥ ይኸውም ቻይናውያን እንደ ለመዱት የሰዓት ቈጣሪ በሚሄድበት ወገን፥ በቀስታ ይዙር። መጀመሪያ የሚቀርበው ለሽማግሌው ወይም ለከበረው እንግዳ ነው። ሌላ ሰው ጭልፋ ይዞ ሳለ ትሪውን ማዞር ከእጁ እንደ መንጠቅ ስለሚቈጠር እርሱ እስኪጨርስ መታገሥ ይገባል።

በአገራችን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። አስተዳዳሪውና ነጋዴው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበታ ይገናኛሉ፤ ሆኖም አንዱ ሌላው ያረደውን አይበላም። ዟሪ ትሪ ሁሉን በሁሉ ፊት የሚያደርስ ዕቃ ስለ ሆነ፥ ሥጋ ቢጫንበት ለአንዱ ያስደሰተው ሌላውን ያሳቅቀዋል፤ የሥጋው ጭልፋም በስሕተት ወደ ምስሩ ከገባ ሽማግሌው እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። በእኛ ቤት የተያዘው ደንብ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ግብዣ ሲኖር በትሪው ላይ ሁሉም የሚበላው ዓሣ፥ ሽሮ፥ ምስር፥ ጎመንና ሰላጣ ብቻ ይቀመጣል። ሥጋ ካለ ከትሪው ውጭ በሌላ ቦታ ይቀርባል። በረቡዕና በዓርብም እንዲሁ የጾሙ ለብቻው፥ የፍስኩ ለብቻው ይሆናል። እንግዳ «ይህ ምን አለበት?» ብሎ ለመጠየቅ መገደድ የለበትም፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

ይህን ሁሉ ስንል ዟሪ ትሪ መሶብን ይተካል ማለታችን አይደለም። መሶብ ራሱ ክብ ነው፤ በዙሪያው የተቀመጠ ሁሉ በፊቱ ካለው እየቈረሰ ይበላል፥ ወጡም ወደየፊቱ ይጨለፋል፤ ስለዚህ መዞር አያስፈልገውም። ጉርሻም ከእጅ ወደ አፍ እንጂ በኩሽኔታ አይሄድም። ቡናም ቢሆን ቦታው በዟሪ ትሪ ላይ አይደለም። የጀበና ግርጌ ክብ ስለ ሆነ ጥቂት ቢነቃነቅ ይገለበጣል፤ የጋለ ከሰል የያዘ ምድጃ ማስቀመጥማ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ልጆች ባሉበት ቤትም ትሪው ሲዞር ትንንሽ ጣቶች ከሥሩ እንዳይገቡ፥ የፈላ ሾርባም በጠርዙ ላይ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግብዣ በሌለበት ቀን ግን ትሪው ሥራ አይፈታም። በቁም ሣጥን ጥግ ተቀምጦ የቅመም ብልቃጦችን ቢይዝ፥ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ዞሮ ይመጣል፤ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ለሚከብዳቸው አረጋውያን ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

አያያዙ አስቸጋሪ አይደለም። ከምግብ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ኩሽኔታው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ትሪውን በሙሉ መንከር አይገባም። አልፎ አልፎ ገልብጦ ፍርፋሪውን ማራገፍ፥ መንገጫገጭ ከጀመረም ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት በኳሶቹ ላይ አድርጎ ማዞርና የተረፈውን መጥረግ ነው። የምግብ ዘይት ግን ቈይቶ ስለሚጣበቅና አቧራ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የመጀመሪያውን ትሪ ለሌላ ሥራ አውዬ፥ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ትሪ በአናጢ አሠራሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐጂ ዳግመኛ ወደ ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ምግቡን ሁሉ ከእንግዶቹ መምጣት በፊት አሰናድታ በትሪው ላይ ደርድራ ነበርና፥ እጃችንን ከታጠብን በኋላ የሚቀራት ሥራ አልነበረም። ለእርሷ የተዘጋጀውን ወንበር ሳብሁላት። ከልማድ የተነሣ ሁለት ጊዜ ብድግ ብላ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ሐጂ እንደ ክብራቸው ዓሣው መጀመሪያ በፊታቸው ቆሞ ሳለ አልጨለፉም፤ ትሪውን በአንድ ጣታቸው በቀስታ አዙረው በባለቤቴ ፊት አቆሙትና፥

«ዛሬስ እርስዎ ይጀምሩልን» አሏት።

እርሷም ጨለፈች። ያን ምሽት ሽሮው ገና ትኩስ ሳለ በላች። ትሪው የተሠራበትን የአናጢ ዋጋ ያን ጊዜ አግኝቼዋለሁ። አንባቢም ሊገዛ ሲወጣ ሜትሩን ይያዝ፥ ጠርዙን ይጫን፥ ኩሽኔታውን ያድምጥ፤ ከሁሉ በፊት ግን በገበታው ዙሪያ ለቤቱ እመቤት የሚሆን ወንበር መኖሩን ይቊጠር። ያ ወንበር ከጎደለ፥ ትሪው ምንም ቢዞር ጥቅሙ እምብዛም ነው።